ለእንግዳ የማይነሳ ሰው

ንጉሡ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀበል ሰው አልነበረም። ነፍስ ያላወቀ ሕፃን እንኳ በር ገፍቶ ቢገባ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የገባው ሰው «በእግዜር፣ ኧረ አትነሳ» እስኪለው ድረስም አይቀመጥም። አሜሪካ ብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ፣ አርሊንግተን አየር ማረፊያው በር ላይ ከሚሰለፉት ሾፌሮች ሁሉ ለአሮጊት ተሳፋሪ ወርዶ በር የሚከፍት እሱ ብቻ እንደነበር ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ይስቁበትም ነበር። ሚስቱ የዓለምዘርፍ ግን አልሳቀችበትም። ሲጀመርም ዓይኗ ያረፈበት በዚሁ ጠባዩ ነው፤ የሰው ሠርግ ላይ ዘግይታ ገብታ መቀመጫ አጥታ ስትንቀዋለል፣ ከአዳራሹ ወዲያ ጥግ ብድግ ብሎ ወንበሩን የለቀቀላት እሱ ነበር።

ስትሮክ መትቶ ቀኝ ጎኑን ሲጥለው አንደበቱን ትንሽ ጎተት አደረገበት እንጂ ብዙም አልነካበትም። የወሰደበት እግሩን ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ አሌክሳንድሪያ ወደሚገኘው አፓርትመንታቸው የገባ ሰሞን ጠያቂው ከቤተ ክርስቲያን እየተጠራራ ይመጣ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ንጉሡ በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ይታገላል፣ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይላል፣ ከዚያ ዘጭ ይላል። ጠያቂዎቹ በአንድ አፍ «ኧረ በማርያም! አትነሳ!» ይላሉ። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ዓይኑ ዕንባ እንዳቀረረ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

የዓለምዘርፍ አየር ማረፊያው ውስጥ ሽቶ ቤት ትሠራ ነበር። መጀመሪያ ፈቃድ ወሰደች፣ ፈቃዱ አለቀ፣ ያለ ደሞዝ ይሁንልኝ አለች፣ እሱም አለቀ። አንድ ቀን ትንሽ ሰዓት ብቻ ገብታ ስትመለስ ንጉሡን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ አገኘችው። ከመቼ ጀምሮ እንደወደቀ ሊነግራት አልፈለገም። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር አከተመ። የቤት ኪራዩ ግን ስትሮክ አያውቅም፤ ወር በገባ ቁጥር ከች ይላል።

መፍትሔውን ያመጣችው ቤዛዊት ናት። ቤዛዊት አንድ ቤተ ክርስቲያን አብራቸው የምትሳለም፣ ለበሽተኛ አስታማሚ በሚልክ ኤጀንሲ ውስጥ የምትሠራ ፈጣን ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ለጋሽ ንጉሡ እኮ እርስዎ ራስዎ ኬርጊቨር፣ አስታማሚው ማለት ነው፣ መሆን ይችላሉ። ይከፈልዎታል» አለቻት ከቅዳሴ በኋላ።

የዓለምዘርፍ በጥፊ የተመታች መሰላት። «ባሌን ለማጠብ ደሞዝ ልቀበል?»

«የሰው ባል አጥበው ቢከፈልዎት ነውር የለውም። የራስዎ ሲሆን ምን ነውር አለው?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በሳምንቱ ሄዳ ፈረመች። ንጉሡም ሲሰማ ሳቀ። «ጎሽ! ታክሲ እየነዳሁ ያላመጣሁትን ተኝቼ ላመጣው ነው» አላት። ያን ሳቁን ስታይ ቀለል አላት። ለውጭ ሰው ግን አልተናገረችም። ሴቶቹ ማኅበር ላይ «ሥራዋን ጥላ፣ ኑሮዋን ጥላ፣ ባሏን እንደ ሕፃን የምታገላብጥ» እያሉ ሲያመሰግኗት አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷ ዝምታ ግን ያኔውኑ መንቀዝ ጀምሮ ነበር።

ኤጀንሲው ሥራውን የሚቆጣጠረው በስልክ ነው። ጠዋት ስትጀምር ስልኳ ላይ ያለውን የኤጀንሲውን አፕ ትጫናለች፣ ማታ ስትጨርስ ትጫናለች፤ ማታ ላይ ደግሞ ስልኩ ይጠይቃታል። አጥበሽዋል ወይ? አልብሰሽዋል ወይ? ብቻውን መነሳት ይችላል ወይ? መጀመሪያ ሰሞን የምትጫነው ሁሉ እውነት ነበር። አጥባዋለች፣ አልብሳዋለች፣ መነሳት አይችልም።

ነገር የተበላሸው መዳን ሲጀምር ነው።

ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኞችን የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራ አንዲት ወጣት ቴራፒስት ነበረች። ንጉሡን ሳታዋክብ፣ እያሳቀች፣ እያባበለች ጉልበቱን ታሠራዋለች። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ላቧን እየጠረገች ወደ የዓለምዘርፍ ዞረችና፣ «በዚህ አያያዙ ለገና ብቻውን ይቆማል። እኔ እወራረዳለሁ» አለቻት።

ሌላ ሚስት ብትሆን እልል ትል ነበር። የዓለምዘርፍ ግን ውሃ ላምጣልሽ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። ቤዛዊት ያለቻት ትዝ አላት፤ «ራሱን በቻለ ቁጥር የሚከፈልዎትን ሰዓት ይቀንሱታል፣ እትዬ፤ ሕጉ ነው።» ሰዓቱ ከተቀነሰ ደሞዙ ይቀንሳል። ደሞዙ ከቀነሰ ሽቶ ቤት መመለስ ነው። ሽቶ ቤት ከተመለሰች ደግሞ ንጉሡ ብቻውን ይውላል፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ። ሐሳቡ እንዲህ እየተያያዘ መጣ። ያን ቀን የባሏን መዳን ፈራችው። መፍራቷንም አወቀች፤ እዚያው ቧንቧው ሥር በራሷ አፈረች።

ማፈሯ ግን አላስቆማትም። በሳምንቱ ለቴራፒስቷ ደውላ «ደክሞታል፣ ለጊዜው ይቆይ» አለች። ለንጉሡ ደግሞ «ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አልፈቅድም አለ» አለችው። ትዳር ከያዙ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ነግራው አታውቅም። እሱ ትክ ብሎ አያት፣ ከዚያ «እሺ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሳታስበው እጇ ይቀድመው ጀመር። ንጉሡ በግራ እጁ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ለምዶ ነበር፤ አንዱን ቆልፎ ሁለተኛውን ሲጀምር ደርሳ ትጨርስለታለች። ማንኪያውን ሳያነሳ ታነሳለታለች።

«እኔ ላድርገው፣ ዘርፌ» ይላል።

«ተው፣ ትደክማለህ» ትላለች።

ፍቅር ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ግማሹ ፍቅር ነበር፤ ይህን ማንም አይነፍጋትም። ግማሹን ግን ማታ ማታ ስልኩ ያውቀዋል።

በአሜሪካው በጋ አንድ ነገር ማየት ጀመረች። የልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፤ የታጠበውን ይዛ ስትመለስ የንጉሡ ወንበር ፊት ያለው ምንጣፍ ጠርዙ ታጥፎ ታገኘዋለች። እግር ሲገፋው እንደሚታጠፈው። የወንበሩም የግራ ክንድ ጨርቅ እጅ እየጨበጠው ሳስቶ ነበር። ንጉሡ ቴሌቪዥኑን እያየ ነው፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። የዓለምዘርፍ ምንጣፉን በእግሯ አስተካክላ ልብሱን ማጣጠፍ ትቀጥላለች። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ። ብቻውን እየተለማመደ እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ብትጠይቀው ይነግራታል፤ ከነገራት ደግሞ ማታ ለስልኩ የምትመልሰው ውሸት ይሆናል። ስለዚህ አልጠየቀችም፤ ካልጠየቀች ያላወቀች መሰላት።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን ቤዛዊት ኮል አደረገችላት። «እትዬ፣ በዓመቱ ነርስ መጥታ ታየዋለች። ሰዓቱን የምትወስነው እሷ ናት። ያው እንደሚያውቁት ነው፣ እሷ ፊት እንዳይበረታ» ብላ ሳቀች። የዓለምዘርፍ አልሳቀችም።

ነርሷ በምትመጣበት ጠዋት የዓለምዘርፍ ገላዋን ታጥባ ስትወጣ ንጉሡ በግራ እጁ ጢሙን ተላጭቶ ጨርሶ ነበር። አገጩ ላይ ትንሽ ተቆርጧል።

«ነጩን ሸሚዜን ስጪኝ» አላት።

«ፒጃማህ ይሻልሃል። እንዲመችህ።»

«እንግዳ በፒጃማ ልቀበል?»

«እንግዳ አይደለችም፣ ነርስ ናት።»

«ነርስ ሰው አይደለችም?» አለ እየሳቀ። በጣም ደስ ብሎታል። የልደቱ ቀን የደረሰ ልጅ ይመስል ነበር። ለምን ደስ እንዳለው አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። ነጩን ሸሚዝ ሰጠችው።

በሩ ተንኳኳ። ነርሷ ሚስስ ኦውሱ የምትባል ጸጉሯ የሸበተ ጋናዊት ናት። ውጭ ዘንቦ ስለነበር ደፍ ላይ አጎንብሳ ጫማዋን መጥረግ ጀመረች። በዚህ መሃል ከኋላ የወንበሩ ድምፅ ተሰማ። የዓለምዘርፍ ዞር አለች።

ንጉሡ ቆሟል።

ግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ለቋል። ቀኝ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጸንቷል። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ አገጩ ላይ የደረቀች የደም ነጠብጣብ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱ በርቷል። የሚያየው በሩን አይደለም፣ እሷን ነው። በጋውን ሙሉ ምንጣፉን ሲያጥፍ የከረመው ለዚህ ነበር፤ ያዘጋጀላት ስጦታ ይህ ነበር። ከንፈሩ «ኖር» ሊል ተከፈተ።

«ቁጭ በል» አለች።

ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም። ንጉሡ ያልሰማ መስሎ አያት።

«ንጉሡ፣ ቁጭ በል። ሰዓቱን ይቆርጡብናል።»

«ኖር» አፉ ውስጥ ቀረ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ የዓለምዘርፍ እስከ ዛሬ ታየዋለች። ለመቀመጥ እንደዚያ ጊዜ የወሰደበት ቀን የለም። ቀስ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። ነርሷ ጫማዋን ጠርጋ ቀና ስትል ያየችው የተቀመጠ ሰው ነው።

ሚስስ ኦውሱ ደግ ሴት ነበረች። ወንበር ስባ ከንጉሡ ፊት ተቀመጠች፣ እጁን ያዘች፣ ስለ እንቅልፉ ስለ ምግቡ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ የዓለምዘርፍ ዞራ፣ «ብቻቸውን መነሳት ይችላሉ?» አለች።

«አይችልም» አለች የዓለምዘርፍ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ? እስቲ ቢሞክሩልኝ?» አለች ወደ ንጉሡ ዞራ።

ንጉሡ ግራ እጁን ወንበሩ ክንድ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ከፍ አለ። ዘጭ አለ። ልክ ከሆስፒታል እንደወጣ ሰሞን እንደነበረው፣ ያንኑ ያህል፣ አንድ ጣት ያህል። ግንባሩ ላይ ጠብታ ላብ አልነበረም።

«አልችልም» አለ በእንግሊዝኛ።

ሚስስ ኦውሱ ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። ስትወጣ በሩ ላይ የዓለምዘርፍን እጅ ጨብጣ፣ «ባልሽ ዕድለኛ ናቸው። ስንቱ ብቻውን ተጥሎ አያለሁ መሰለሽ» አለቻት። የዓለምዘርፍ መሬት ብትውጣት በወደደች ነበር። አመሰገነችና በሩን ዘጋች።

ስትመለስ ምን እንደምትለው አታውቅም ነበር። እሱ ቀደማት።

«ሸሚዙን አውልቂልኝ» አላት።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታችለት። ራሱ ሊፈታቸው ይችል እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰዓቱ አልተቀነሰም። ቤዛዊት እየፈነጠዘች ደወለች፤ የዓለምዘርፍ «ተመስገን» አለችና ዘጋች። ንጉሡ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ይመስል ነበር። ማንኪያውን አይነካም፣ እስክታጎርሰው ይጠብቃል። ከልብስ ማጠቢያው ስትመለስ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ምንጣፉ ላይ ነው። ምንጣፉ እንደተዘረጋ ነው። እንዲታጠፍላት በልቧ መለመን ጀመረች። አንድ ሁለቴ «እስቲ ዛሬ ተነስተህ ሞክር፣ ማንም የለም» አለችው።

«ተይው፣ እደክማለሁ» ይላታል።

የራሷን ቃል ነበር የመለሰላት። በቁጣ አይደለም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የንስሐ አባቷን ከሩቅ ስታይ በሌላው በር መውጣት ጀመረች።

ገና ደረሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት የንጉሡ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ አምሃ፣ በሁለት ባቡርና በአንድ አውቶብስ በረዶው ውስጥ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። አባታቸው ገና ልጆች ሳሉ ስለሞቱ ንጉሡን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ንጉሡ እሳቸው ፊት ተቀምጦ ያደገ ልጅ አይደለም፤ ሸምግሎ እንኳ ጋሼ ቁጭ በል ካላሉት አይቀመጥም ነበር።

የዓለምዘርፍ በሩን ከፈተች። ጋሽ አምሃ ትከሻቸው ላይ በረዶ እንዳለ ገቡና ከበሩ ውስጥ ቆሙ። «በእግዜር፣ ኧረ አትነሳ» ለማለት አፋቸው ተዘጋጅቷል። ቆመው ጠበቁ።

ንጉሡ አልተነሳም። ለመነሳት የሚሞክር ሰው የሚያሳየውን ንቅናቄ እንኳ አላሳየም። «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ» አለ ከተቀመጠበት፣ ዓይኑን ወደ ጉልበቱ ጥሎ።

ሽማግሌው ትንሽ ግር አላቸው። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው ሄደው፣ አጎንብሰው፣ እሳቸው ሳሙት።

ምሳ በሉ፣ ስለ አገር ቤት ዘመድ ተጫወቱ። ሲመሽባቸው የዓለምዘርፍ እስከ ሊፍቱ ሸኘቻቸው። ጋሽ አምሃ ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ዞር አሉ።

«ወንድሜ ምን ነካው? የታመመ ሰሞን እንኳ፣ ሞት አፋፍ ላይ ሳለ፣ ይሞክር ነበር። ተስፋ ቆርጧል እንዴ?»

«እንጃ ጋሼ» አለች።

«አንቺን ግን እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ። እኛማ ምን አቅም አለን?»

ሊፍቱ ተዘጋ። የዓለምዘርፍ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ገባች።

«ለጋሼ እንኳ አትነሳም?» አለችው። ልትቆጣ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ወጥቶ ተሰበረ።

«አልችልም ብለናል እኮ።»

«ለነርሷ ነው እንጂ! ለወንድምህ ነው?»

«ለነርስ ሌላ፣ ለወንድም ሌላ ከሆነ ይጠፋብኛል፣ ዘርፌ። ጭንቅላቴም እንደ ድሮው አይደለም» አለ ፈገግ ብሎ። ፈገግታው ብዙ አልቆየም። «ደግሞ ጋሼን ታውቂያቸዋለሽ። ቆሜ ቢያዩኝ ደስታ አይችሉም። ነገ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሰማል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሰኞ ቤዛዊት። ኪራዩን መክፈል ያቃተኝ እኔ ነኝ። ቁጭ ማለት የሚያዋጣ ከሆነ ቁጭ እላለሁ።»

የዓለምዘርፍ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። «ኢንሹራንሱ ከለከለ ያልኩህ...»

«አውቃለሁ። ቴራፒስቷ ልጅ ደውላልኝ ነበር። ደህና ነህ ወይ፣ ለምን ተውከው አለችኝ።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ፈርተሽ ነበር» አለ። «ብቻዬን ተለማምጄ ባሳይሽ ፍርሃቱ የሚለቅሽ መስሎኝ ነበር።»

ከዚህ የባሰ ነገር ቢላት ትችለው ነበር። ሌባ ቢላት፣ ጨካኝ ቢላት ትችለው ነበር። ጉልበቱን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ቀና አለችና እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ተነስልኝ። ሰዓቱ ገደል ይግባ። ሽቶ ቤት እመለሳለሁ፣ ቤት እንቀይራለን፣ አንድ ክፍል ይበቃናል። ተነስልኝ ብቻ።»

ንጉሡ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። ግራ እጁን ወንበሩ ክንድ ላይ አሳረፈ፣ ሁለቱንም እግሮቹን ምንጣፉ ላይ አስተካከለ፣ ተነፈሰ። ከፍ አለ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ዘጭ አለ።

«እንደገና» አለ ራሱ።

እንደገና ሞከረ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ምንጣፉ ሊታጠፍ ጠርዙን ትንሽ አነሳ፣ መልሶ ተኛ። ጉልበቱ አልታዘዘውም። ዘጭ አለ። የዓለምዘርፍ ሲዋሽ አይታዋለችና የአሁኑ ውሸት እንዳልሆነ አወቀች።

«እግሬ ረሳችው መሰለኝ፣ ዘርፌ» አለ እያለከለከ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ነገ ቴራፒስቷን ኮል አደርጋታለሁ። ነገ ጠዋት!»

«እሺ» አለ። ኢንሹራንሱ ከለከለ ስትለው ያላትን ያንኑ እሺ።

በብብቱ ገብታ አነሳችው፣ አልጋው ላይ አስተኛችው፣ ነጭ ሸሚዙን ፈታችለት። ስልኳ ወጥ ቤት ሆኖ ጮኸ። ማታ ማታ እንደሚጮኸው ነው። ሄዳ አነሳችው። አጥበሽዋል ወይ? አልብሰሽዋል ወይ? ብቻውን መነሳት ይችላል ወይ?

ጣቷ ቃሉ ላይ ቆመ። «አይችልም» የሚለውን ስንት ወር ሙሉ በውሸት ስትጫነው ኖራለች። ዛሬ እውነቷን ነው።

ተጫነችው። ምነው ውሸት በሆነ!